የቀረውን ጆሮ መጠበቅ
ከደብረ ወርቅ ማስታወሻ፣ ኅዳር – የካቲት 2011 ዓ.ም.

ኅዳር 24

ደረቅ ነፋስ። ጤፉ ታጭዷል፤ በየማሳው ክምር። ትናንት ማታ ከባሕር ዳር ገባሁ። የመንገዱ አቧራ አሁንም ጉሮሮዬ ውስጥ ነው።

የምርመራው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ። ሁለት መስመር፤ ቀዩ የቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊው የግራ። እስከ 1000 ኸርዝ ሁለቱም ደህና ናቸው። ከ2000 በኋላ ሰማያዊው መውረድ ይጀምራል። 4000 ላይ 60 ዴሲቤል። 8000 ላይ ትንሽ መለስ ይላል። ቀዩም እዚያው ቦታ ላይ 35 ደርሷል። ሐኪሙ ወረቀቱን እንዳየ «መሣሪያ ይተኩሳሉ?» አለኝ። እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ። በቀኝ ትከሻዬ እንደምተኩስም አወቀ። ሰደፉ ቀኝ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ፊት ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ የግራው ጆሮ ወደ አፈሙዙ ይዞራል። ቀኙን ራሱ ጭንቅላት ይጋርደዋል።

«የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ይጠብቁ» አለኝ። እንዴት እንደምጠብቅ ብዙ አላብራራም። ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር፤ አልፈርድበትም።

ባለቤቴ ራት ስታቀርብ በቀኜ ዞራ ተቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ እንደለመደችው አላውቅም።

ኅዳር 28

ክፍል ውስጥ። ኋላ ወንበር ላይ ያለችው ልጅ መልስ ሰጠች። ድምፅዋ ደረሰኝ፤ ምን እንዳለች አልገባኝም። ደግሚው አልኳት። ደገመችው። አሁንም። ሦስተኛ ማስደገም ከበደኝና «ጎሽ» ብዬ አለፍኩ። ልክ ትሁን አትሁን አላውቅም።

ችግሩ የድምፅ ማነስ አይደለም። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጨ ከላይኛው ሞገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ እነሱ ናቸው የሚጠፉብኝ። አናባቢው ይመጣል፣ ተነባቢው አይመጣም። ትናንት ባለቤቴ ጨው አልቋል ስትለኝ ሰው መጥቷል ያለች መስሎኝ በር ልከፍት ተነሳሁ። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ታኅሣሥ 2

ውርጭ። የጓሮው ጎመን ጠዋት ነጭ ሆኖ አደረ።

ሌሊት ጩኸቱ ባሰ። ቀን ሲሆን የመንደሩ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ሌሊት ግን ብቻውን ነው። ቀጭን፣ የማያቋርጥ። በግራ። እናቴ በሕይወት ብትኖር ስምህን የሚያነሳ ሰው አለ ትለኝ ነበር። ጆሮ ሲጮኽ እንዲያ ነው የሚባለው።

ከመጻሕፍት ቤት ያመጣሁትን የሥነ ሕይወት መጽሐፍ አነበብኩ። ቀንድ አውጣ በመሰለው የውስጥ ጆሮ ውስጥ ሰው ሲወለድ በያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል የፀጉር ሕዋሳት አሉት። ሁሉ በሁሉ ይኸው ነው። አይተኩም። የወፍ ግን ይተካል፤ ዶሮ የጆሮዋ ፀጉር ሕዋሳት ሲጎዱ መልሳ ታበቅላለች። ይህን አንብቤ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስንቱን ጅግራ ሳድን ኖሬያለሁ። ስቼው የበረረው ዛሬ ከእኔ የተሻለ ይሰማል ማለት ነው።

ታኅሣሥ 7

ወንድሜ ከቆላ መጣ። ማሽላውን ዝንጀሮ ፈጀው፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከርከሮ። «አያ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ውረድልኝ፤ ልጆቹ ማማው ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል» አለኝ። ስለ ጆሮዬ ነገርኩት። «ለመስማት አይደል፣ ለመተኮስ ነው የምትወርደው» አለ። በመልካም ልብ ነው ያለው።

ማደኑን ከተውኩ ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር አውሬ ማደን ወንጀል ነው። ቆላ ውስጥ ግን ድኩላ የሚገድል አሁንም አለ። ልጅ ሳለን ከአባቴ ጋር ወደ ዓባይ ገደል ስንወርድ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። የአባቴ መሣሪያ ቤልጅግ። እኔ በግራው ነበር የምቆመው፣ ቀለሁን ለመልቀም። ተኩሱን ተከትሎ የሚመጣው ጭው የሚል ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። የወንድነት ምልክት መስሎኝ።

እወርድ ይሆናል። ገና አልወሰንኩም።

ታኅሣሥ 12

የጆሮ መድፈኛ ፍለጋ። እዚህ ያሉት መድኃኒት ቤቶች የላቸውም። አንዱ ጥጥ አወጣልኝ። ጥጥ ድምፅን የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ለጥይት አይሆንም። ሌላው ጠብታ ሰጠኝ። የሰፈር ሰው ደግሞ የነጭ ሽንኩርት ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ። ሁሉም ከልቡ ነው የሚመክረኝ። ጉዳቱ ግን ጠብታ ከሚደርስበት ቦታ በብዙ ያልፋል፤ ከጆሮ ታምቡር ወዲያ ማዶ ነው። ታምቡሩ የተቀደደበት ሰው ደግሞ ዘይት ቢያፈስበት የባሰ ይጎዳል። ይህን ሁለት ሰው ነግሬያለሁ፤ አንዷ ሰማችኝ።

ለአዲስ አበባዋ እህቴ ደወልኩ። መርካቶ የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ አሉ፤ ኮፍያ፣ ጓንት፣ መነጽር የሚይዙት። ስፖንጅ መድፈኛ በጥንድ በጥንድ ይኖራቸዋል አልኳት። «ለምንህ ነው?» አለች። ለማሽላ ጥበቃ ስላት ሳቀች። ላኪልኝ አልኳት።

ታኅሣሥ 17

በአውቶቡስ ረዳት እጅ ደረሰልኝ። ብርቱካንማ፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ስፖንጅ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ሰካኋት፤ የረባ ለውጥ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል አየሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በንጹሕ እጅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዞ እንደ ክር እስኪቀጥን ማሸት። በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፤ ያን ጊዜ የጆሮ ቀዳዳ ይቃናል። ወዲያው ወደ ውስጥ መላክ። ከዚያ በጣት ደግፎ እስክታብጥ መጠበቅ። ቁጥር ቢቆጥሩ ይሻላል፤ ቸኩሎ የለቀቀ እንደገና መጀመር አለበት። ጫፏ ብቻ ወደ ውጭ ከታየች ልክ ነው። ግማሿ ውጭ ከቀረች ለተኳሽ ጌጥ እንጂ መከላከያ አይደለችም።

በደንብ ስትገባ ራሴን ስናገር ድምፄ ከሆዴ የሚመጣ ሆነ። ሰዓቱ ጠፋ። የልጄ ሳቅ ከሩቅ። የግራው ጩኸት ግን ጎልቶ ወጣ፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ ቀረ። ይህን አልጠበቅሁትም። ፈራሁ። አወጣኋት፤ መልሼ ሰካኋት።

ታኅሣሥ 21፣ ከቆላ

ሙቀት። ላይ ከተማው ውርጭ ነው፣ እዚህ ሸሚዝ ይበዛል። የማሽላው እሸት ደርቋል፤ ራሱን ደፍቷል።

ማማው ላይ አደርኩ። መድፈኛዋን ሳደርግ ከርከሮ ከሥሬ ቢያልፍ አልሰማም። ሳወጣት የወንድሜ ልጅ ከማዶው ማማ ሳያስጠነቅቅ ይተኩሳል። እውነተኛው ችግር ይኸው ነው። ማደንም ማሳ መጠበቅም በጆሮ ነው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ ድንጋይ ሲንከባለል፣ ጓደኛ «እዚያ ነኝ» ሲል። ጆሮውን የደፈነ ሰው የሰውን ድምፅ ሳይሰማ ወደ ሰው ሊተኩስ ይችላል። ያልደፈነ ሰው ደግሞ የቀረችውን ያጣል። ለእኔ የሁለቱ ጉዳት እኩል አይደለም፤ ሰው ከምገድል ደንቆሮ ልሁን። ግን መሀል መንገድ መኖር አለበት።

ለጊዜው የተስማማነው፦ ተኳሽ አንድ ብቻ። ሌሎቹ በወንጭፍና በጅራፍ። ተኳሹ ከመተኮሱ በፊት በባትሪ መብራት ሦስት ጊዜ ያበራል፤ ያኔ ሁሉም ጆሮውን ይሸፍናል።

የወንድሜ ልጅ ጅራፍ ሲያጮኽ አየሁት። የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው እንዲያ የሚጮኸው፤ ጥይትም እንደዚያው፣ ከአፈሙዙ ፍንዳታ ሌላ በአየር ላይ የራሱ ስንጥቅ ድምፅ አለው። ለክፍል ጥሩ ምሳሌ። ዝንጀሮዎቹም ከጥይቱ እኩል ነው የሸሹት። ታዲያ ጥይቱ ለምን አስፈለገ? ወንድሜን ጠየቅሁት። «ጅራፍ ከርከሮ አይፈራም» አለ። እውነት ይሆን? አላየሁም፤ ከርከሮው አልመጣም።

ታኅሣሥ 29

ልደት። ሰኞ። ሜዳው ላይ ገና ጨዋታ። አቧራ፣ ጩኸት፣ አንድ የተሰበረ ጣት። ከደጀ ሰላም በኩል አንድ ጥይት ተተኮሰ። ሁሉም ወደ ሰማይ አየ። እኔ በግራ እጄ ጆሮዬን ይዤ ራሴን አገኘሁት። አንድ ሽማግሌ አይተውኝ «ምነው መምህር፣ ደነገጡ?» አሉ። ምን ልበላቸው። እዚህ አገር ጥይት ሲተኮስ ጆሮ መሸፈን ለሴትና ለሕፃን ነው። ሴቶቹና ሕፃናቱ ናቸው ልክ የሚሠሩት።

ጥር 4

ለቅሶ። በአካባቢው የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ከወዲያ ከብቸና ሳይቀር ለቀስተኛ መጣ። አስለቃሿ እንደ እሷ የለም። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ እየዘለለ ሬሳው አጠገብ ክላሹን ወደ ሰማይ ለቀቀው። ሌሎቹ ተከተሉት። ጢሱ፣ የባሩዱ ሽታ፣ ልቅሶው። ልቤ ተነካ፤ አልክድም። ሟቹ ይህ ይገባቸዋል። ተኩሱ እንዲቀር አልፈልግም።

ግን አንድ ልጅ አየሁ። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ፎካሪው ሥር ተንበርክኮ ቀለሁን ይለቅማል፤ ራሱ ከአፈሙዙ አንድ ክንድ አይርቅም። አንዱ ቀለህ ትኩስ ሆኖ እጁን ፈጀው፤ ጣለው፤ ሸሚዙን ጠቅልሎ መልሶ አነሳው። በየተኩሱ ዓይኑን ይጨፍናል። ጆሮውን ግን አይሸፍንም፤ ሁለት እጁ ሥራ ላይ ነው። ሲጨርስ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ትንሿን ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ አሸት አሸት አደረገ። አወቅሁት። ጭው እያለበት ነው። ነገ ይለቀዋል፤ ደህና የሆነ ይመስለዋል። ያ ቀን ሲደጋገም ነው የሚቀረው።

የጠብመንጃ ድምፅ ተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ150 እስከ 165 ዴሲቤል ይደርሳል። ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ ድምፅ ድንበሩ 140 ነው። ከዚያ በላይ አንድ ጥይት ብቻውን ይበቃል። ጆሮ ራሱን የሚከላከልበት ጡንቻ አለው፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰማ ይኮማተራል። ጥይቱ ግን ጡንቻው ሳይነቃ አልቋል።

ልጁን አስነስቼ ወደ ዳሱ ወሰድኩት። እናቱ አመሰገነችኝ። ትንሽ ቆይቼ ስዞር ተመልሶ እዚያው ነው።

ጥር 11

ጥምቀት። ጠራ ያለ ሰማይ፣ ቀዝቃዛ ጠዋት። ከወንዙ ዳር ታቦቱን አጅበን ስንመለስ ካህናቱ ወረብ ላይ ነበሩ። በቀኜ ከበሮ፣ በግራዬ ጸናጽል። ከበሮው ደረቴን ይመታል። ጸናጽሉን ግን ዓይኔ ብቻ ነው ያየው። ዲያቆኑ በሦስት እርምጃ ርቀት እጁን ወደ ታች ያወርዳል፣ ወደ ላይ ያነሳል፤ የብረቶቹ ቀለበት ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ዞርኩ። ቀኝ ጆሮዬን ወደሱ ሳደርግ መጣ። ቀጭን፣ ንጹሕ። እንደገና ግራዬን ሳዞር ጠፋ።

እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ደብረ ወርቅ ላይ ያደገ ሰው የጸናጽል ድምፅ ሲያጣ። ሐዲስ ዓለማየሁን ያስተማረ ደብር ነው፤ እዚህ ዜማውም ቅኔውም በጆሮ ነው የሚገባው። ተማሪው ከየኔታው አፍ ነው የሚቀበለው። የቆሎ ተማሪ ጆሮው ቢጎዳ ምን ይዞ ይማራል?

ጥር 14

ያ ሐሳብ አልለቀቀኝም። ለአንድ የማውቃቸው መሪጌታ አነሳሁት። በሰሙኝ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ፣ ተማሪዎቻቸው በየድግሱ ለማመስገን ሲሄዱ ከተኳሾቹ ጎን እንደሚቆሙ ነገሩኝ። «ከእንግዲህ ዳሱ ውስጥ ይቁሙ እላቸዋለሁ» አሉ። ደስ አለኝ። ይፈጽሙት ይሆን? ተማሪ ግርግር ይወዳል።

ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። እንቅልፍ የለም።

አያቴን አስታወስኩ። አርበኛ ነበሩ፤ ከበላይ ዘለቀ ሠራዊት ጋር ሶማ በረሃ የዋሉ። ሳውቃቸው ጨርሶ አይሰሙም። ሁላችንም ጆሯቸው ሥር እንጮህ ነበር። እርጅና ነው ይባላል። ግን የእሳቸው ታናሽ እህት ዘጠና ዓመት አልፏት ሹክሹክታ ትሰማ ነበር። ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ ከጣሊያን የተማረከ መትረየስ። አምስት ዓመት። እጃቸው ላይ ያለውን የጥይት ጠባሳ እያሳዩ ያወሩልናል፤ ስለ ጆሯቸው ግን አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ጠባሳ ስለሌለው ይሆናል። ማንም ጠይቋቸውም አያውቅ።

በላይ በ1937 ሲሰቀል አያቴ አልቅሰዋል ይባላል። ዜናውን ማን ጆሯቸው ሥር እንደጮኸላቸው ወይስ ያኔ ገና ይሰሙ እንደነበር አላውቅም። አባቴን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልፏል።

ጥር 26

የወንድሜ ልጅ ሠርግ የካቲት 10 ተቆርጧል። ከነነዌ ጾም በፊት ያለው እሑድ። ወንድሜ ስለ ጤፍ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ጌሾ ያወራል። እኔ ስለ ተኩሱ አነሳሁ። ፊቱ ተቀየረ። «አያ፣ ጥይት ያልተተኮሰበት ሠርግ የማን ሠርግ ነው? የሙሽራዋ ቤት ሰው ምን ይለናል?» አለ። ይቅር አላልኩም። ቦታ ይለይ ነው ያልኩት።

ሒሳቡን አሳየሁት። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንድ ሜትር ላይ 160 የሆነ፣ ሃያ ሜትር ላይ በግምት 134። አርባ ሜትር ላይ 128። እንግዲህ ተኳሾቹ ከባሕር ዛፉ ጥግ ቢቆሙ ዳሱ ውስጥ ያለው ይተርፋል። ዳሱ ደግሞ ዘንድሮ ቆርቆሮ ነው፤ ሥሩ ሲተኮስ ድምፁ ተመልሶ ይመታል። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይትም መውደቂያ አለው። ወንድሜ ቁጥሩን አልተከተለውም። ስለ ቆርቆሮው ግን ገባው፤ ባለፈው ዓመት ጎረቤት ሠርግ ላይ ራሱን እንዳመመው አስታወሰ።

«ለሚዜዎቹ አንተ ንገራቸው፤ እኔን አይሰሙኝም» አለ።

የካቲት 3

ከውጭ አገር የአክስቴ ልጅ የላከው ደረሰ። የራስ ላይ የጆሮ መሸፈኛ፣ ፔልተር የሚባለው ዓይነት። በሁለቱም ጎን ትንንሽ ማይክሮፎን አለው። ደቃቅ ድምፅን ያጎላል፤ ከልክ ያለፈ ድምፅ ሲመጣ ግን አያሳልፍም። የሚሠራው በሪሞት ባትሪ ነው።

ጓሮ ወጥቼ አደረግሁት። ጌታ ሆይ። ደረቅ ቅጠል ላይ የምትሄድ ዶሮ። የጎረቤት በር ማጠፊያ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ለልጃችን የምትነግረው፤ ቃል በቃል፣ ሰ-ውም ሸ-ውም። ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ሰው ቢያየኝ አብዷል ይላል።

ጎዶሎውም አለ። ድምፁ ከየት እንደመጣ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ዶሮዋ በስተግራ ሆና በስተኋላ መሰለችኝ። ነፋስ ሲነፍስ ይንሿሿል። ለማሳ ጥበቃ ጥሩ፤ ለአቅጣጫ ገና አላመንኩትም። ወረቀቱ ላይ እንዳነበብኩት ስፖንጇን ከሥሩ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱ ሲደረቡ ግን ቁጥራቸው አይደመርም፣ ከተሻለው ላይ አምስት ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው የሚጨምሩት፤ ድምፅ በራስ ቅል አጥንትም ይገባልና። ለእኔ አምስቱም ዋጋ አላት።

በፊንላንድና በኖርዌይ አዳኞች አፈሙዙ ላይ ድምፅ መቀነሻ ይገጥማሉ፤ እዚያ ይህ የጤና ጉዳይ ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የያዘ ሰው በሌላ ዓይን ነው የሚታየው። የማይሆነውን ትቼ የሚሆነውን ልያዝ።

የካቲት 10

ሠርጉ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሳልረሳ ልጻፈው።

ሚዜዎቹን ጠዋት ሰብስቤ ነገርኳቸው። ስፖንጇን አሳየኋቸው። አንዱ ተቀብሎ በደንብ አድርጎ ሰካት፤ ክላሽ ያለው እሱ ነው፣ ሚሊሻ ነው። ሁለቱ «በኋላ» ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ከባሕር ዛፉ ጥግ ገመድ ወጠርን። ልጆች ወዲህ፣ ተኳሽ ወዲያ።

ሙሽራዋ ስትገባ ገመዱን ማንም አላስታወሰም። የሙሽራዋ ወገኖች ከነመሣሪያቸው መጡ፤ ስለ ገመድ ማን ነግሯቸው። በር ላይ ተኮሱ። እልልታው፣ ጥይቱ፣ ቆርቆሮው። እኔ መሸፈኛዬን አንገቴ ላይ አድርጌው ነበር፤ ቶሎ አነሳሁት። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ግን ቀድመውኛል።

ከዚያ ወንድሜ ተነሳ። ይህን አልጠበቅሁም። እጁን ዘርግቶ «ክብራችሁን አየን፤ አሁን ወደ ዛፉ፣ ወደ ዛፉ፣ ሕፃናት አሉ» አለ። በአክብሮት። ሄዱ። ፎካሪው ብቻ እንቢ አለ፤ ፉከራ ከሰው ርቆ አይሆንም አለ። እሱም እውነት አለው፤ ፉከራ ፊት ለፊት ነው። አንድ ዙር ዳሱ በር ላይ ተኩሶ ራሱ ወደ ዛፉ ሄደ።

ልጆቹ ቀለሁን ለመልቀም ተኩሱ ካበቃ በኋላ ሮጡ። በፊት አይደለም። ሚሊሻው «አሁን» እያለ ይለቃቸው ነበር። እኔ አላዘዝኩትም።

የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን።

ጆሮዬ ከሠርጉ ወዲህ ድፍን ብሏል፤ ትናንት ከነበረው ዛሬ ቀለል ይላል። ይህ ጊዜያዊ ነው ይባላል፤ በሰዓታት ወይም በቀናት ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ ግን ላይመለስ ይችላል፤ ጥቂት ጥቂት እያስቀረ ነው የሚሄደው። ቀኝ ጆሮዬ ምን እንደቀረበት አላውቅም። ዛሬ በስልክ ስነጋገር ቀኙን አደረግሁ፤ እህቴ «ለምን ትጮሃለህ?» አለችኝ።

የካቲት 24

ቅበላ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ዛሬ የዓለም የመስማት ቀን ነው፤ በፈረንጅ ማርች 3። የዘንድሮው መልእክት መስማትህን አስመርምር የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ብሎ በስልክ የሚሠራ መፈተኛ አውጥቷል። ባሕር ዳር የምትማረው የእህቴ ልጅ ለቅበላ መጥታ ስልኳ ላይ ጫነችው።

በጫጫታ ውስጥ ሦስት ሦስት ቁጥር በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ የሰማኸውን ትነካለህ። ጫጫታው ይበረታል፣ ይቀላል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። ከ50 በታች ወጣልኝ። የጠበቅሁት ነው። ከዚያ ወንድሜ ልሞክር አለ። ቁጥሮቹን በእንግሊዝኛ ስለማይለይ እሷ አስጠናችው፤ ከብዶት ተወው። አዲሱ ሙሽራ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ሞከረ። ከእኔ ብዙ አልተሻለም። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ደገመው። ያው ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሙሽራዋ አየችው።

ማታ ወንድሜ ወደ እኔ ጓዳ ገባ። አንዷን ስፖንጅ አነሳ፣ እያገላበጠ አያት፣ ዝም ብሎ ሰካት። ግማሿ ውጭ ቀረች። አወጣሁለትና እጁን ይዤ አሳየሁት፤ ማሸት፣ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ ደግፎ መጠበቅ። ሁለተኛው ላይ ተሳካለት። «ዋጋው ስንት ነው?» አለ በትልቅ ድምፅ።

ለክረምቱ የበቆሎ ጥበቃ ማን ማን እንደሚያስፈልገው ጻፍን። እሱ፣ ልጁ፣ ሚሊሻው፣ ማማ ላይ የሚያድሩት ልጆች፣ ለጆሯቸው ትንሽ የሆነውን ማግኘት ከተቻለ። ፎካሪውንም ጻፍኩት። ወንድሜ «እሱ አያደርጋትም» አለ። ስሙን አልሰረዝኩትም። ለመርካቶዋ እህቴ ነገ እደውላለሁ፤ ገንዘቡን ማን እንደሚያዋጣ ገና አልተነጋገርንም።